«ሁሉን እችላለሁ» ወይስ «ይህን እችላለሁ»?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላትና ለልጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

 

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዳሩ ግን ከ1972 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ውስጥ ሳስገባ ኖሬአለሁ። ሥራ እንዴት እንደሚፈጠር አላውቅም፤ ሥራ የሚጠየቅበት ወረቀት እንዴት እንደሚጣልና እንዴት እንደሚነሣ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ኮሚቴው «ሥራ ስላጡት ልጆቻችን አንድ ነገር ተናገር» ባለኝ ጊዜ እሺ ያልኩትም ይህንን ይዤ ነው።

የዛሬው ነገሬ አንድ ነው። ሥራ ፈላጊ ሰው «ሁሉን እችላለሁ፣ ያገኘሁትን እሠራለሁ» ቢል ይሻለዋል? ወይስ «እኔ ይህን እችላለሁ፣ ይህን ደግሞ አልችልም» ብሎ ራሱን እንዳለ ቢገልጥ? መልሱ ለጆሮ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ፤ አንድ ጊዜ በራሴ፣ አንድ ጊዜ በልጄ። የራሴን ላስቀድም።

በ1971 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ አንድ ሽማግሌ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ እየተላላክሁ እኖር ነበር። የዛሬ ልጆች ራፖር ጸሐፊ ምን እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። በመሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት አጥር ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መጻፍ ለማይችለው ባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ማለት ነው። እኔ ወረቀት አቀርባለሁ፣ ቴምብር ገዝቼ እመጣለሁ፣ ሽማግሌው ሲደክማቸው ደግሞ እሳቸው ቃሉን እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ባለጉዳዩ ገና አፉን ሲከፍት ነገሩ የየትኛው ክፍል እንደሆነና ለማን መመራት እንዳለበት ለይቼ አውቅ ነበር።

ታዲያ ይህን እንደ ሙያ አልቆጠርኩትም። እንዲያውም አፍርበት ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ማመልከቻ ጻፍኩ። ምን ብዬ? «በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታይፕ እመታለሁ፣ የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፣ በማናቸውም የቢሮ ሥራ በቂ ችሎታ አለኝ» ብዬ። የጽሕፈት መኪና እኮ እስከዚያች ቀን ድረስ በመስኮት አይቼው እንደሆነ ነው እንጂ በጣቴ ነክቼው አላውቅም! ስለ ራፖሩ ሥራ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ለፈተና ተጠራሁ። አንዲት ወይዘሮ ከአማርኛ መኪና ፊት አስቀመጡኝና ግልባጭ የሚሆን አንድ ገጽ ሰጡኝ። የዚያን ጊዜው መኪና እንደ ዛሬው ኮምፒዩተር አይደለም፤ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ እየመቱ የሚያገጣጥሙበት ነው። እኔ ቅጥያው የት እንዳለ በዓይኔ ስፈልግ ላቤ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። በሩብ ሰዓት ውስጥ የጻፍኩት ቀኑን ብቻ ነበር፤ እሱም ተሳስቷል። ወይዘሮዋ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ የማትችለውን ለምን እችላለሁ አልክ? የምትችለው ነገር የለህም?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። የምችለው ነገርማ ነበረኝ። ግን በወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም።

ወደ ሽማግሌው ተመልሼ የሆነውን ብነግራቸው እየሳቁ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ አቤቱታና የሥራ ማመልከቻ ቀላቅለሃል። አቤቱታ ስትጽፍ የጎደለህን ትናገራለህ፤ ሥራ ስትጠይቅ ግን ያለህን ነው የምትናገረው። የሌለህንማ ምን ብለህ ትናገራለህ?»

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሲፈልግ በጥቂት መስመር እንዲህ ስል አመለከትኩ፦ «ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የእጅ ጽሑፌ ይነበባል። ሦስት ዓመት ከራፖር ጸሐፊ ጋር ሠርቻለሁ፤ አንድ ጉዳይ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ እለያለሁ። ታይፕ አልችልም፤ ካስተማሩኝ ግን እለምዳለሁ።» ኃላፊው አንብቦ ቀና አለና «አንተስ ለመዝገብ ቤት ነው የምትሆነው» አለኝ። እውነቱን ነው። መዝገብ ቤት ማለት የመጣውን ደብዳቤ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት አይደለም እንዴ? ያፈርኩበት ሥራ ነው 40 ዓመት እንጀራ ያበላኝ። ታይፑንም እዚያው ተማርኩት። ወደ መጨረሻው ኮምፒዩተር ሲመጣም «አልችልም፣ አሳዩኝ» ብዬ ከልጆቼ እኩያዎች ተማርኩ።

አሁን ደግሞ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለአንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ቦታ ከ200 የሚበልጥ ማመልከቻ የመጣበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ማመልከቻዎቹን በካርቶን ተሸክሜ ለመራጮቹ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሱ ተብለዋል። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ጊዜ ግን አልነበራቸውም። አንዱ ወረቀት «በማንኛውም የሥራ መደብ ብመደብ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ» ይላል፤ ወደ ግራ ተቀመጠ። ሌላውም እንዲሁ ይላል፤ ወደ ግራ። አንዱ ደግሞ ሙሉ ገጽ የቤተሰቡን ችግር ዘርዝሯል፤ አነበቡት፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ወደ ግራ። የግራው ክምር እስከ ክንዴ ደረሰ።

በዚህ መካከል የአንዲት ልጅ ማመልከቻ ወጣ። አራት መስመር ነው። «በትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ አውቃለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አድርጌ ያለ ጉድለት አስረክቤአለሁ። የምስክር ወረቀቴ ተያይዟል።» ይኸው ነው። ሦስቱም ተያዩ። ወደ ቀኝ አስቀመጡት። ከዚያ ሁሉ ክምር ለፈተና ከተጠሩት ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች አንዷ እሷ ሆነች፤ ሥራውንም አገኘች።

ከግራው ክምር ውስጥ እኮ ከእሷ የሚበልጥ ሰው አይጠፋም ነበር! ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አሠሪ አንድ ቀዳዳ አለበት፤ ያንን የሚደፍን አንድ ነገር ነው የሚፈልገው። «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ሰው «እኔን የት እንደምታስገባኝ አንተው አስብልኝ» ማለቱ ነው። የሚያስብለት ማን አለ? «ይህን እችላለሁ» የሚለው ሰው ግን የማሰቡን ድካም ራሱ ጨርሶ ነው የመጣው።

ያኔ ልጆች አራት ኪሎ ሄደው ጋዜጣ እየተከራዩ የሥራ ማስታወቂያ ያነቡ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም እስከ እጃቸው ይመጣል፤ አንዱን ሲቪ ለሃምሳ ቦታ በአንድ ቀን መላክ ይቻላል። መልካም ነው። ነገር ግን ለሃምሳ ቦታ እንዲሆን ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ለአንዱም በልክ አልተሰፋም።

ስለ ውሸቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆች ልብ በሉ። ፋይል አይረሳም። የሠራተኛ የትምህርት ማስረጃ ይጣራ ሲባል ለየትምህርት ቤቱ የሚሄደውን ደብዳቤ ወጪ የማደርገው፣ መልሱንም ገቢ የማደርገው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ «የተጠቀሰው ግለሰብ በመዝገባችን ውስጥ አይገኝም» የሚል መልስ መጣ። ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት አብሮን የሠራ፣ ሥራውንም አጥብቆ የሚያውቅ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። የሚያሳዝነው ነገር፣ ያ የሐሰት ወረቀት ባይኖረውም በልምዱ ብቻ ከአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ሊቀጠር ይችል ነበር። ያን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ ወደ ኃላፊው ሳስገባ እጄ ተንቀጠቀጠ። ዘጠኙ ዓመት በአንድ ገጽ አለቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

ትንሹም ውሸት ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚለው የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ውል የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። እንግዲህ የማይችለውን እችላለሁ ብሎ የገባ ሰው የሚሞግተው ከእነዚህ ቀናት ጋር ነው። ይኸው አዋጅ ግን ለሠራተኛው የሚጠቅም ነገርም ይዟል፦ ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ስድስት ወርም ብትሠሩ ይህን ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ። «ይህን እችላለሁ» ለማለት ምስክራችሁ እሱ ነው።

አሁን ከእናንተ መካከል «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለም ወይ? ሁለገብ መሆን ምን ክፋት አለው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ክፋት የለውም። በትንሽ ድርጅት ውስጥ ሹፌሩ መኪናውንም ይጠግናል፣ ዘበኛው አትክልትም ያጠጣል። የዛሬ እራቱን የሚፈልግ ሰውም የቀን ሥራ ቢያገኝ ሮጦ ይሥራ፤ ነውር የለበትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ባላውም ቢሆን አንዱ በደንብ ሳይተከል ሁለተኛው አይተከልም፤ ሁለቱንም ላይ ላዩን ያቆመ ሰው ሁለቱም ይወድቁበታል። ሁለገብነት በር ከገቡ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ በሩን የሚከፍተው ግን አንድ ቁልፍ ነው።

ከዕድራችን የተሻለ ምሳሌ የለም። ሰው የሞተብን ቀን ጥሩምባ ነፊው ይነፋል፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ድንኳኑን ያወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሁሉን ያግዛል፤ ጸሐፊው ምሰሶ ሲይዝ አይተነዋል። ነገር ግን ጥሩምባው ማን ዘንድ እንዳለ ባይታወቅ ኖሮ የቱ ጎረቤት ይሰማ ነበር?

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተቴ ልምጣ። ይህኛው ይከብደኛል።

የመጨረሻው ልጄ በ2011 ዓ.ም. ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ሥራ ተመረቀ። ስድስት ወር ሥራ ሳያገኝ ሲቀር እኔ ጭንቅ ያዘኝ። የጡረታዬ ጊዜ ቀርቧል፣ ኑሮው ይታወቃል። አንድ ቀን ማመልከቻውን አየሁና «ኤሌክትሪክ ብቻ ብለህ ራስህን አታጥብብ፤ ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ያንን የግራውን ክምር በእጄ ተሸክሜ የማውቀው እኔ! ፍርሃት ሲመጣ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል። ልጄ ታዛዥ ነው፤ እንዳልኩት ጻፈ። እኔም ለሰው ስናገር «ልጄ ሥራ ፈቷል፣ ያገኘውን ይሠራል፣ እባካችሁ አስቡት» እያልኩ ዞርኩ። ሁለት ዓመት አለፈ።

በ2014 ዓ.ም. በአንድ ጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ማታ የድንኳኑ መብራት ድርግም አለ። መብራት ሄደ ብለን ነበር፤ ሌላው ቤት ግን በርቷል። ልጄ ተነሣና ከቆጣሪው አጥፍቶ፣ የተቃጠለውን የሽቦ መጋጠሚያ ፈልጎ አገኘና ቀይሮ አሠረው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ በራ። ከጎኔ የተቀመጠው ሃያ ዓመት አብረን የበላንና የጠጣን ጎረቤቴ ዞር ብሎ አየኝ። «አንተ ሰው፣ ይኼ ልጅህ የመብራት ባለሙያ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ ምነው አልነገርከኝ? ያገኘውን ይሠራል ነው እኮ ያልከኝ። እኔ የጥበቃ ሥራ ነበር የማፈላልግለት። የወንድሜ ልጅ ከሚሠራበት ሆቴል የመብራት ጥገና ሠራተኛ ሁለት ወር ሙሉ ሲፈልጉ ቆይተው ሰው የቀጠሩት ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው።»

ሦስት ሳምንት! ለቅሶ ቤት ባልሆን ኖሮ ራሴን እይዝ ነበር። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ልጁ ሰማ። አልተቆጣም። «አባዬ፣ ማንኛውም ሥራ ብለህ ጻፍ ያልከኝ እኮ አንተ ነህ» አለ ብቻ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በማግሥቱ ማመልከቻውን እንደገና ጻፍን። «የቤት ውስጥ መብራት እዘረጋለሁ፣ ብልሽት ፈልጌ እጠግናለሁ። ሞተር መጠቅለል አልችልም» አለ። «አልችልም የሚለውን ተወው» ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ራፖር ጸሐፊው ትዝ አሉኝና ዝም አልኩ። የሙያ ብቃት ምዘናም ተፈተነና አለፈ። ከአራት ወር በኋላ አንድ ጋራዥ አጠገብ ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ጥገና ቤት በሙከራ ቀጠረችው። ባለቤቱ «አልችልም ያልከውን አይቼ ነው እችላለሁ ያልከውን ያመንኩህ» አለው። ዛሬ እዚያው ነው። አሁን ሞተርም ይጠቀልላል።

ስለዚህ ለልጆቻችን የምለው ይህ ነው። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር ለዩ። ዲግሪ ካላችሁም «ተመርቄአለሁ» ብቻ ሳይሆን በዚያ ትምህርት ምን መሥራት እንደምትችሉ ጻፉ። በትምህርት ቤት ሳይሆን በሥራ ላይ የለመዳችሁት ሙያ ቢሆንም ለምዘና ልትቀርቡበት ትችላላችሁ፤ አትፈሩ። የማትችሉትን ሲጠይቋችሁ «አልችልም፣ እማራለሁ» በሉ። እውነት መናገር ማለት ግን ጓዳን ሁሉ መግለጥ አይደለም፤ የቤታችሁን ችግር ለእኛ ንገሩን፣ ለአሠሪ ሙያችሁን ንገሩት።

ለወላጆች የምለው ደግሞ ይህ ነው። እኛ ሙያ በልብ ነው ስንባል ያደግን ሰዎች ነን። ቢሆንም ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውም የእኛው ተረት ነው። «ልጄ ሥራ ፈቷል» አንበል። «ልጄ ልብስ ትሰፋለች»፣ «ልጄ ሒሳብ ይይዛል» እንበል። የሰማ ጎረቤት ቀዳዳውን ሲያይ ያስታውሳል።

በመጨረሻም ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጸሐፊያችን አንድ ደብተር ይክፈትልን። ሦስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የልጁ ወይም የልጅቷ ስም፣ አንድ የሚችሉት ሙያ፣ ሲሠሩ ያያቸው ሰው። ሁለት ሙያ የሚል መስመር አይኑረው! ወርሃዊ መዋጮ በምንከፍልበት እሑድ እያንዳንዳችን እናስመዝግብ፤ የሥራ ወሬ የሰማ ሰው ደግሞ መጥቶ ደብተሩን ይግለጥ። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የመጻፉን ሥራ እኔ በነጻ አግዛለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ አሁንም ይነበባል።

ይህ ዕድር ሲሞትብን ይሰበሰባል። በሕይወት ላሉት ልጆቻችንም ጥሩምባ ይንፋላቸው እላለሁ።  ዕድራችንን ያጽናልን፤ ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።